ሃያኛው ሙከራ

አዲስ አበባ
ጥቅምት 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ ጥሩወርቅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ።

የመጀመሪያው ደብዳቤዎ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ ባለፈው ሳምንት በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ደርሶኛል። ሳልመልስ ይህን ያህል መቆየቴ ያሳፍራል። ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ማስተማሩ በዛብኝ ብል ይቀበሉኝ ይሆናል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደብዳቤዎን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ በየቀኑ አየው ነበር። እናቴም በደወለች ቁጥር ስለ እርስዎ ታነሳብኛለች። «ጥሩወርቅ ከአንተ ወረቀት ትጠብቃለች፤ ጎረቤት ሆና ያሳደገችህን ሰው እንዲህ ታስጠብቃለህ?» ትለኛለች።

የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑ አንዴ የተጻፈበትን ሰው ሊረሳ ይችላል ወይ ብለዋል።

አይረሳም። እርስዎ የጤና ጣቢያውን ካርድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የመሩ ሰው ስለሆኑ በደፈናው ብቻ አልመልስልዎትም። ለማስተርስ ጽሑፌ መረጃ አጥቼ ስንከራተት፣ አርባ ሺህ ካርድ ስም እየተፋቀ እንድገለብጥ ኃላፊዎቹን ለምነው ያስፈቀዱልኝ እርስዎ ነዎት። ያንን አባዝቼ አሥር ሚሊዮን መዝገብ አደረስኩትና በጽሑፌ ‹ሀ›፣ ‹ለ› እና ‹ሐ› ያልኳቸውን ሦስት ዳታቤዞች አወዳደርኩበት። ሦስቱም መረጃን እንደ ድሮው በሠንጠረዥ አይደለም የሚይዙት። የአንዱ ሕመምተኛ ታሪክ ሦስት መስመር፣ የሌላው ሦስት ገጽ ቢሆን አይቸገሩም፤ መረጃው ሲበዛም ለብዙ ኮምፒውተሮች ያከፋፍሉታል። ‹ለ› አሥር ሚሊዮኑን በአርባ አንድ ደቂቃ ጽፎ ጨረሰ። ‹ሀ› ሰባ ደቂቃ፣ ‹ሐ› ወደ ሁለት ሰዓት ፈጅተዋል። ፕሮጀክቱ የአሥራ አንድ ጤና ጣቢያዎችን መዝገብ አንድ ላይ ሊያደርግ ሲነሳ ኃላፊዎ አቶ ዓሊዪ ‹ለ›ን የመረጡት ይህን አይተው ነው። ባለፈው መጋቢት መጥቼ በገዛ እጄ የተከልኩትም እኔ ነኝ።

መዝገብ ጎደለ ተብሎ ኢክራም መጠርጠሯን የጻፉልኝን ሳነብ አዘንኩ። ያኔ ስጭንላችሁ ከሁሉም መዝጋቢዎች ቶሎ የገባት እሷ ነበረች። ግን ሰው ነው፤ ይደክማል። የሕመምተኛውን ስም ጽፋ ‹አስቀምጥ› የሚለውን ሳትጫን አልፋ ይሆናል። እንዲህ ያለ ስህተት በየቦታው ያጋጥማል።

ለእናቴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ጤና ይስጥልኝ።

ልጅዎ ነስሮ

ለማወቅ ያህል ብቻ ነው፦ መዝገብ ጎደለ በተባለባቸው ቀናት መብራት ጠፍቶ ነበር? ቀኖቹን ቢጽፉልኝ።


ሐረር
ኅዳር 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለነስሮ፣

እንደምን አለህልኝ? እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ደህና ነኝ። እናትህ ቡሽራም ደህና ናት፤ አርብ ዕለት ፈረስ መጋላ ገበያ አግኝቻት አብረን ወደ ሰፈራችን አቦከር ተመለስን። ጉልበቴ ደረጃ ሲሆን ነው እንጂ ሜዳ ላይ አያስቸግረኝም።

ደብዳቤህ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ይሰበሰብ ስለነበር ይዤው ገባሁ። አቶ ዓሊዪ «አይረሳም» ያልክበትን ቦታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከዚያ በኋላ ሌላ ምስክር የጠየቀ የለም። ኢክራም የኮንትራት ሠራተኛ ስለሆነች ነገሩ ብዙም አልፈጀ። ሳትመዘግብ መዝግቤያለሁ ብላለች ተብሎ ከጥቅምት 20 ጀምሮ ተሰናብታለች። ደብዳቤው ላይ ያለው ቃል «በማጭበርበር» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ሌላ መሥሪያ ቤት ማን ይቀጥራታል?

ነገሩ እዚህ የደረሰው ሙሜ በሚባል ሰው ምክንያት ነው፤ በፊተኛው ደብዳቤዬ ስሙን አልጠቀስኩልህም። የፈዲስ ገበሬ ነው። ነሐሴ 14 ቀን አክታውን ተመርምሮ ሳንባ ነቀርሳ ተገኘበት። ያን ሰሞን መዝጋቢዋ ኢክራም ብቻ ነበረች፤ ውጤቱን ማሽኑ ላይ መዘገበችው። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ወረቀት ስለማንሰጥ ሰውየው ባዶ እጁን አገሩ ሄደ። በአምስተኛው ቀን መድኃኒት ሊጀምር ሲመጣ ስሙ የለም። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰው «ማሽኑ ውስጥ ከሌለህ በሽታው የለብህም ማለት ነው» ብሎ መለሰው። ወር አልፎት ደም እየተፋ በቃሬዛ አመጡት። አሁን መድኃኒቱን ጀምሯል። ሚስቱም አብራው ጀምራለች፤ ተጋብቶባታል።

ኢክራም በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ የመዘገበችውን ሰው ቁጥር በደብተር ትጽፍ ነበር። የነሐሴ 14 ደብተሯ ስድሳ አንድ ይላል። ማሽኑ አርባ ሰባት ይላል። ሙሜ ከጎደሉት ከአሥራ አራቱ አንዱ ነው። ኮሚቴው ደብተሩን ነገሩ ከተነሳ በኋላ ጽፋው ይሆናል ብሎ አልተቀበለውም።

መብራቱን የጠየቅኸኝን ከጥበቃዎቹ መዝገብ አይቼ ነው የምጽፍልህ። ነሐሴ 14 ሦስት ጊዜ ጠፍቷል። ነሐሴ 22 ሁለት ጊዜ። ጳጉሜን 3 እንደዚሁ ሁለት ጊዜ። መዝገብ ጎደለ የተባለባቸው ቀኖችም እነዚሁ ናቸው።

ለምን ጠየቅኸኝ?

ጥሩወርቅ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 1 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ ጥሩወርቅ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ሙሜም ስለ ኢክራምም በጣም አዝኛለሁ፤ አላህ ይማራቸው ከማለት በቀር ምን እላለሁ።

ከዚህ ጋር ለጉልበትዎ የሚቀባ መድኃኒት ልኬልዎታለሁ። ጠዋትና ማታ በለብታ ውኃ ከታጠቡ በኋላ ይቀቡት። ፋርማሲስቱ ብርድ ላይ አትቀመጥ ብሏል። ለእናቴ ደግሞ የዓይን ጠብታዋን ሁለት ጠርሙስ አድርጌያለሁ፤ አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን እንዳትከፍተው ይንገሩልኝ።

ሰሞኑን የፈተና ወቅት ስለሆነ ረዥም ለመጻፍ ጊዜ አጣሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ነስሮ


ሐረር
ታኅሣሥ 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ነስሮ፣

መድኃኒቱ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለ መብራት ጠይቄህ ስለ ጉልበቴ መለስክልኝ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ኢክራም ከወጣች ወዲህ አንድም መዝገብ አልጎደለም። በኅዳር መጨረሻ ሳምንት መብራቱ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጠፋ ነበር፤ ያም ሆኖ አንድ ሰው አልጎደለም። አቶ ዓሊዪ ትናንት በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ይህንኑ አንስተው «ጥፋቱ የማን እንደነበር ጊዜ ነገረን» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የኢክራም የአክስት ልጅ ጽዳት ክፍል ነው የምትሠራው፤ ከኋላ ቆማ ትሰማ ነበር።

የኢክራም ቤተሰቦች ልጅቷን ድሬዳዋ ዘመድ ጋ ሰደዋታል። እዚህ ከቤት መውጣት ትታ ነበር።

ጥሩወርቅ


አዲስ አበባ
ጥር 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩወርቅ፣

እንኳን ለልደት በሰላም አደረሰዎት ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩት። እንደ ወትሮው ሰላም ብዬ መጀመር ከበደኝ።

ማሽኑ ይረሳል። ይህን ያወቅሁት ደግሞ አሁን አይደለም፤ ከግንቦት 2005 ጀምሮ አውቃለሁ።

ሦስቱንም ዳታቤዞች ሃያ ሃያ ጊዜ ልሞክር ነበር ያቀድኩት። ጽሑፌ ላይ ግን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ይላል። ዲፌንስ ያደረግሁ፣ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት የተከላከልኩ ዕለት ከፈታኞቹ አንዱ ለምን ሃያ እንዳልሞላሁት ጠይቀውኝ ጊዜ አጠረኝ አልኩ። ሳቅ ብለው አለፉት። ጊዜ አላጠረኝም። ‹ለ›ን ለሃያኛ ጊዜ እየሞከርኩ ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የቤተ ሙከራው መብራት ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት ስክሪኑ ላይ ስድስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ መዝገብ ተቀብያለሁ ብሎ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ቆጠርኩ። አምስት ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ያህሉ የለም። ስህተት የሚል ቃልም አላሳየኝም፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ነው የተነሳው።

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። እርስዎ በሚያውቁት ነገር ልንገርዎት። መስኮት ላይ ተቀምጦ «ተመዝግበሃል፣ ሂድ» የሚል ጸሐፊ ያስቡ። ካርዱን ግን ገና መደርደሪያው ላይ አላኖረውም፤ እጁ ላይ ነው ያለው፤ እጁ ሲሞላ ነው የሚነሳው። ‹ለ› የሚፈጥነው እንደዚህ ስለሚሠራ ነው። ተቀብያለሁ የሚለው መረጃው ገና ኮምፒውተሩ መብራት ሲያጣ በሚጠፋበት ቦታ ሳለ ነው። ‹ሐ› ግን ዲስኩ ላይ ሳይጽፍ ተቀብያለሁ አይልም፤ ስለዚህ ይዘገያል። የ‹ለ› ሠሪዎች ይህን አልደበቁም፤ መመሪያቸው ላይ ጽፈውታል። ወደ ዲስክ የሚጻፍበትን ጊዜ በየአንድ ደቂቃው አድርገው ነበር የሰጡን። ቁጥሬ እንዲያምር ብዬ ወደ ሃያ ደቂቃ ያራዘምኩት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ‹ለ›ንም መጀመሪያ ጻፍ፣ ከዚያ ተቀብያለሁ በል ብዬ አስተካክዬ ሞከርኩት። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ። ከሦስቱ የመጨረሻ ሆነ።

ያኔ ‹ለ› አንደኛ ነው የሚል ጽሑፌ ለምርምር ጉባኤ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ዲፌንሱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የማስተማሩ ሥራም ቃል ተገብቶልኛል። አማካሪዬ ጋ ሄጄ ተሳስቻለሁ ማለት ነበረብኝ። በራቸው ድረስ ሄጃለሁ። ውስጥ ሌላ ተማሪ ነበር፤ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። የሁለቱን ቀን ውጤት ከኮምፒውተሬ አጠፋሁት። አሥራ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ።

ሐረር ስመጣ የጤና ጣቢያው ኮምፒውተር መጠባበቂያ ባትሪ እንደሞተ አይቻለሁ። መብራታችን እንዴት እንደሆነ የዚያው ልጅ ነኝ፣ አውቃለሁ። ያን ጊዜ እንኳ ሃያ ደቂቃውን አስተካክዬ መሄድ እችል ነበር። ግን አቶ ዓሊዪ ለእንግዶች ሰዓት ይዘው ፍጥነቱን ያሳዩ ነበር፤ ካዘገየሁት ለምን ከጽሑፍህ ጋር አልገጠመም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ እርስዎ ሠራተኛው ፊት ተነስተው ስለ እኔ ተናገሩ። ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ። አንገቴን ደፍቼ ስሰማ ሰው ትሕትና መስሎት አጨበጨበልኝ።

በጥቅምት «አይረሳም» ብዬ ስጽፍልዎት የምጽፈውን አውቄ ነው። የመብራቱን ቀን የጠየቅሁዎት ምናልባት አልጠፋም ይሉኛል ብዬ ተመኝቼ ነበር።

አሁን ደግሞ ከዚህ የከፋውን ልጻፍ። ቀኖቹን የጻፉልኝ ደብዳቤ በደረሰኝ ማግሥት፣ ከዚሁ ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት ገብቼ ማስተካከያውን በድብቅ ቀየርኩት። ከእንግዲህ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ኢክራም ከወጣች ወዲህ መዝገብ ያልጎደለው ለዚህ ነው። ደብቄ በማስተካከሌ ልጅቷ ላይ ሁለተኛ ምስክር ሆንኩባት። እርስዎ እስኪጽፉልኝ ድረስ ይህ በሐሳቤ አልመጣም ነበር። ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው እርስዎ ሲያምኑት የነበረው ሰው አይደለም።

ምን እንደማደርግ ይንገሩኝ አልልዎትም፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ፈርቼ ነው የተቀመጥኩት።

ነስሮ


ሐረር
የካቲት 10 ቀን 2007 ዓ.ም.

ነስሮ፣

ወር ሙሉ ሳልጽፍልህ ቆየሁ። ተቆጥቼ ነው ብለህ እንደምታስብ አውቃለሁ። ተቆጥቻለሁ። ግን ዝም ያልኩት በእሱ ብቻ አይደለም።

ደብዳቤህን አንብቤ እናትህ ቤት ሄድኩ። ቡሽራ የላክህላትን ጠብታ አሳየችኝ፤ አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን አልከፈተችም። አንድ ቃል ሳልነግራት ተመለስኩ። ያንን ለመንገር የሚገባህ አንተ ነህ።

አሁን የኔን ስማ። በኮሚቴው ውስጥ አራተኛዋ ፈራሚ እኔ ነበርኩ። ይህን ሆን ብዬ ነው ያልጻፍኩልህ። «ኮሚቴው አልተቀበለውም» ብዬ ጻፍኩልህ እንጂ «አልተቀበልነውም» አላልኩም።

ኢክራም ያን ደብተር ስትጽፍ በየቀኑ አያት ነበር። ጠረጴዛዋ ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ትቆጥራለች፣ ትጽፋለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፣ ከዚያ «እትዬ፣ ደህና እደሩ» ትለኛለች። ነሐሴ 14ም እንደዚያው አድርጋለች። ኮሚቴው ውስጥ «ደብተሩን ከነገሩ በኋላ ጽፋው ቢሆንስ?» ሲባል አፌ ውስጥ ነበር ቃሉ። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያን አንድ ዐረፍተ ነገር ብናገር ግን ማሽኑ ሊጠየቅ ነው፤ ማሽኑ ሲጠየቅ አንተ ልትጠየቅ ነው፤ አንተን ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ «እኔ ያሳደግሁት ልጅ ነው» ብዬ ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ። ሰኔ ላይ ጡረታ እወጣለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ በመጨረሻ ያመጣችው ይህንን ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ። ደብዳቤህን አቀረብኩና ፈረምኩ። ኢክራም በር ላይ ቆማ ነበር። ስወጣ አላየኋትም፤ ማለቴ ቆማለች፣ እኔ ዓይኔን ወደ ሌላ አደረግሁ።

ስለዚህ አንተን ልሰድብ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እጄ እምቢ ይለኛል።

ይህን ደብዳቤህን ለኮሚቴው ላስገባው እችላለሁ። ፊተኛውን አስገብቼ ያመጣውን አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም። አንተ ና። ወረቀት አትላክ። አቶ ዓሊዪ ፊት፣ ሠራተኛው ፊት ቁመህ ተናገር። አንተ ስትጨርስ እኔ እነሳለሁ።

ጥሩወርቅ


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 4 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩወርቅ፣

እንደምን ከረሙ? በሰው የላኩብኝን ጥያቄ ሰምቻለሁ። ከሐረር ሳልሰናበትዎ መውጣቴ ቅር እንዳሰኘዎት ነገሩኝ። ያን ዕለት ሠራተኛው ፊት ቆሜ እኔ ተናግሬ ስጨርስ እርስዎ ሲነሱ ወንበሩን ይዘው ነበር። በሕይወቴ እርስዎን አፍረው አይቼ አላውቅም፤ ለዚህ ያደረስኩዎትም እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በርዎን ማንኳኳት አቃተኝ። ይቅር ይበሉኝ።

አቶ ዓሊዪ አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ደጅ ድረስ ተከትለውኝ ወጥተው፣ ጽሑፌን እንግሊዝኛው እየከበዳቸው ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት፣ ቁጥሮቹን በእስክሪብቶ እያሰመሩ በክልሉ ለጠየቃቸው ሁሉ እንዳስረዱ ነገሩኝ። «በገዛ አገሬ ልጅ ኮርቼ ነበር» አሉኝና ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ፈዲስ ሄጄ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። ሙሜን ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ከስቷል፤ ግን ሳሉ ቀንሶለታል፣ ሚስቱም ደህና ናት። ማን እንደሆንኩና ምን እንዳደረግሁ ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም መሰለኝ፤ እኔም በአማርኛም በኦሮምኛም ደጋግሜ አስረዳሁት። ገብቶት ኖሯል። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ማሽኑ ደህና ነህ ካለኝ በኋላ ማሳል አፈርኩ። ሚስቴ እንዳትሰማኝ ትራስ አፌ ላይ አድርጌ ነበር የማስለው። ማሽን የማያውቀውን በሽታ እኔ ከየት አመጣሁት እል ነበር።»

ልሄድ ተነሳሁ። እሱ ግን እንግዳ ነህ ብሎ ሳልበላ እንዳልሄድ ከለከለኝ። ምሳውን በላሁት ማለት ግን አልችልም።

እናቴ ሰማች። ነገሩን ከእኔ አፍ ነው የሰማችው፤ በዚህ ብቻ የእርስዎን ቃል ጠብቄያለሁ። ሳስረዳት አቋረጠችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ልጅቷ ስትባረር አንተ ደመወዝህን እየበላህ ታስተምር ነበር ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኩን ታነሳለች፣ ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ትዘጋለች።

ለዩኒቨርሲቲው ሁሉንም ጽፌ አስገብቻለሁ። ጽሑፌ ከቤተ መጻሕፍት ተነስቷል፤ ጉባኤው ላይ የወጣውንም እንዲሰርዙ ጠይቄያለሁ። የማስተርስ ዲግሪዬ ምን እንደሚሆን የሚወስን ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ እስከዚያው ከማስተማር ታግጃለሁ። አማካሪዬ ቢሮ በር ላይ አሁንም ቆምኩ። በዚህኛው ጊዜ ገባሁ። ሰምተው ሲጨርሱ፣ ያን ሃያኛ ሙከራ ያኔ ብታመጣልኝ ከጽሑፍህ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር አሉኝ። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልገልጽልዎት አልችልም።

አማካሪዬ ቤተ ሙከራውን ከሰዓት በኋላ እንድጠቀም ፈቅደውልኛል። ሦስቱንም ዳታቤዞች እያንዳንዳቸውን ሠላሳ ጊዜ፣ መሀል ላይ ሶኬቱን በእጄ እየነቀልኩ እንደገና እየሞከርኩ ነው። ለዲግሪ አይደለም፤ ውጤቱን የሚጠብቅም የለም። ሲያልቅ ለአቶ ዓሊዪ እልከዋለሁ፤ ያንብቡት አያንብቡት የእሳቸው ፈቃድ ነው።

የኢክራም ደብዳቤ ወጣላት? «በማጭበርበር» የሚለው ተነስቶላታል? እኔ ልጽፍላት አስቤ ነበር፤ በምን ፊቴ ብዬ ተውኩት። አድራሻዋን አልጠይቅዎትም። እርስዎ የሚያውቁትን ብቻ ይንገሩኝ።

ነስሮ


ሐረር
ሰኔ 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለነስሮ፣

እንደምን አለህ? የዘገየሁት የኢክራም ደብዳቤ ስለዘገየ ነው። ባዶ ወረቀት ልልክልህ አልፈለግሁም።

ደብዳቤው በግንቦት መጨረሻ ወጣ። «በስህተት» ይላል፤ ወደ ሥራዋም እንድትመለስ ይጠይቃል። ሥር ያሉት ፈራሚዎች ከፊተኛው ጋር አንድ ናቸው፤ እኔም አለሁበት። አቶ ዓሊዪ በፖስታ እንላክላት ሲሉኝ እኔ አደርሰዋለሁ አልኩና ቅዳሜ ከሸዋ በር ሚኒባስ ይዤ ድሬዳዋ ወረድኩ።

ዘመዷ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ እዚያ ነው የምትሠራው። ስታየኝ ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውኃ አመጣችልኝ። ወፍራለች፤ ሙቀቱ ተስማምቷት ይሆናል። ወረቀቱን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። የአንተን ነገር ሁሉ፣ መብራቱን፣ ሃያ ደቂቃውን፣ ኋላ በድብቅ ማስተካከልህን አንድ በአንድ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ስለ አንተ አንድ ነገር አልጠየቀችም። የጠየቀችኝ ስለ እኔ ነው።

«እትዬ፣ ያን ቀን ሲፈርሙ አምነውኝ ነበር ወይስ አላመኑኝም?»

አላመንኩሽም ማለት ይቀል ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነው ያሰበው፤ እኔም ተታልያለሁ ብል ትቀበለኝ ነበር።

«አምኜሽ ነበር» አልኳት።

በዚህ መሀል አንድ ሰው የሥራ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ገባ። ተቀመጠችና ጻፈችለት። ፊደል ስታ እንደገና አስተካከለች፣ አተመች፣ አንብቦ እንዲያረጋግጥ ሰጠችው። ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ባያምኑኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። «በየቀኑ እዚህ ተቀምጬ እንዴት ብዬ እንደማሳምንዎት አስብ ነበር። ለካ ለማሳመን የሚቀረኝ ነገር አልነበረም።»

ይቅርታ በይኝ አልኳት። አንገቷን ዝቅ አደረገች። ታላቅ ሰው ፊቷ ሲለምን ማየት አልቻለችም እንጂ ይቅር አለችኝ ብዬ አልዋሽህም።

ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ወረቀቱን በአራት አጥፋ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀመጠችው፤ ምንም ቢሆን ስሟ ተመልሶላታል፣ የትም ይዛው ትገባለች። ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችኝ፤ መስኮት ጥግ እንድቀመጥ ረዳቱን አስቸገረችልኝ። ሊነሳ ሲል ለነስሮ የምትልኪለት መልእክት አለ ወይ አልኳት። መንገዱን አየች፤ የምትልከው ቃል የምታገኝ መስሎኝ ጠበቅኳት።

«የለም» አለችኝ።

እኔ ሰኔ 30 ጡረታ እወጣለሁ። የሽኝት ዝግጅት አለ ብለውኝ ነበር፤ ይቅርብኝ አልኳቸው።

ጥሩወርቅ